ወባ ያልሆነ ትኩሳት፣ የማያም ቁስል፦ ካላዛርና ቁንጭር

ከመተማ ወይም ከሑመራ የሰሊጥ እርሻ የተመለሰ ጎልማሳ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ጥርጣሬው ክፉ አይደለም፤ ሰውየው ከቆላ ነው የመጣው። ጣቱን ተወግቶ የወባው መድኃኒት ኮአርተም ይሰጠዋል። ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። ሌላ ኮአርተም፣ ቀጥሎ የታይፎይድ መድኃኒት። ወር ሲሞላው ጉንጩ ገብቶ፣ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተወጥሮ ይገኛል። ከግራ ጎድኑ ሥር ለእጅ ጠንከር ብሎ የሚዳሰሰው ጣፊያው ነው።

እዚህ ላይ ከየትኛውም ምርመራ በፊት መምጣት ያለበት ጥያቄ አለ፦ «ወንድሜ፣ ባለፉት ወራት ሌሊቱን የት ነበር የምታድረው?» ካርድ ላይ የሚጻፈው የመኖሪያ ቀበሌ ለዚህ አይበቃም። ሰውየው የደብረ ታቦር ነዋሪ ሊሆን ይችላል። ያሳመመችው ዝንብ ግን የነከሰችው መተማ፣ ማሳ ዳር ግራር ሥር ተኝቶ ነው። ብዙ ስህተት የሚጀምረው መኖሪያ ተጠይቆ ማደሪያ ሳይጠየቅ ሲቀር ይመስለኛል።

በሽታው ካላዛር ነው። የሚያመጣው ሌሽማንያ ዶኖቫኒ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ሕሙማን ይገድላል። ዘመዱ ሌሽማንያ ኢትዮፒካ ደግሞ የደጋውን ቁንጭር ያመጣል። ቁንጭር አይገድልም፤ ፊት ግን ያበላሻል። አንዱ የቆላ፣ ሌላው የደጋ፤ አንዱ የውስጥ አካል፣ ሌላው የቆዳ። ሆኖም ሁለቱንም የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፣ ሁለቱም የሚታወቁት ሰው ከሚያድርበት ቦታ ነው።

ተውሳኩ ሁለት መልክ አለው። በዝንቧ ሆድ ውስጥ ሳለ ረዘም ያለ፣ በጭራው የሚዋኝ ነው። ሰው ውስጥ ሲገባ ጭራውን ሰብስቦ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ብቻ የሚሆን ድቡልቡል ይሆንና ማክሮፋጅ በሚባለው ሴል ውስጥ ይሰፍራል። የማክሮፋጅ ሥራ ከውጭ የገባን ጠላት ውጦ መፍጨት ነው። ሌሽማንያን ይውጠዋል፣ መፍጨት ግን ያቅተዋል። ተውሳኩ እዚያው ይባዛል፣ ሴሉ ይፈነዳል፣ የተበተነውን ሌላ ማክሮፋጅ ይውጠዋል። እነዚህ ሴሎች የሚበዙት በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ስለሆነ ጣፊያ ያብጣል፣ የመቅኔ ደም የማምረት አቅም ይዳከማል። ያበጠው ጣፊያ በበኩሉ ያለውን ደም ይይዛል፣ ያጠፋልም። ስለዚህ ቀይ የደም ሴል፣ ነጭ የደም ሴልና ደም የሚያረጋው ፕላትሌት አንድ ላይ ይወርዳሉ። የቀዩ ማነስ ድካም፣ የነጩ ማነስ ሳንባ ምችና ሌላ ኢንፌክሽን፣ የፕላትሌት ማነስ ነስር ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሕመምተኛውን የሚገድሉት እነዚሁ ናቸው፤ ለዚህም ነው ሞቱ በሳንባ ምች ወይም በደም ማነስ ተመዝግቦ ካላዛር የሚለው ስም ሳይነሳ ሊቀር የሚችለው።

ተውሳኩን እ.ኤ.አ. በ1900 ካልካታ አጠገብ ደምደም በተባለ የጦር ሰፈር ታሞ በኋላ ከሞተ ወታደር ጣፊያ ውስጥ ያየው የብሪታንያ ጦር ሐኪም ዊልያም ሌሽማን ነው፤ ያሳተመው ግን በ1903 ነው። በዚያው ዓመት ቻርልስ ዶኖቫን ማድራስ ላይ አገኘው፣ ሮናልድ ሮስ ደግሞ የሁለቱንም ስም አጣምሮ ሰየመው።

ዝንቧ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ከወባ ትንኝ በእጅጉ ታንሳለች፣ ስትመጣም ጢዝ አትልም። ሩቅ አትበርም፤ እንደ ቁንጫ እየነጠረች በአጭር በአጭሩ ትሄዳለች። ቀን ቀን በስንጥቅና በጉድጓድ ተሸሽጋ ትውልና ሲመሽ ትወጣለች። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ብስባሽ ባለበት እርጥብ አፈር ውስጥ እንጂ ውኃ ላይ ስላልሆነ ለወባ ብለን የምናደርቀው ኩሬ አይነካትም። ይህን የማያውቅ ዘመቻ ብዙ ላብ አፍስሶ አንዲት የአሸዋ ዝንብ ሳይቀንስ ሊያልቅ ይችላል።

በሰሜን ምዕራቡ ቆላ ካላዛርን የምታስተላልፈው ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ ናት። የምትወደው ዋልካ ነው፤ ሌላው አገር መረሬ የሚለው ያ ጥቁር አፈር በበጋ ሲሰነጣጠቅ ስንጥቁ ቤቷ ይሆናል። ግራርና በደኖ ያለበት ዋልካ ካያችሁ አገሯ ነው። ቁጥሯ የሚያይለው ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ ዝናብ ገብቶ ስንጥቁን እስኪደፍነው ድረስ ነው። መሬት ለማጽዳትና ለዘር ቀድሞ የወረደ የቀን ሠራተኛ የሚደርሰው በዚሁ ወቅት ነው። ሙቀቱ ከጣሪያ በታች አያስተኛም፤ ካምፕ ቢኖርም ሰው ውጭ፣ ዛፍ ሥር መተኛትን ይመርጣል። ከንክሻው እስከ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ስለሚያልፍ ሕመሙ የሚያገኘው አጨዳው አልቆ፣ ገንዘቡን ይዞ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ኮንሶ፣ ሰገንና ታችኛው ኦሞ ብትሄዱ ዝንቧም ትለያለች፣ ማደሪያዋም ኩይሳ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ስለ ግራር ሳይሆን ከብት ሲጠብቅ ኩይሳ አጠገብ ስለመዋልና ስለማምሸት ነው።

ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነውን ማወቅ ለዚህ አገር ሐኪም ግዴታ መሆን አለበት ባይ ነኝ። የወረዳው ከተማ አዲስ ዘመንና አካባቢዋ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ካላዛር የቆላ በሽታ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ማንም እዚያ አልጠበቀውም። ከ2003 ጀምሮ ሰው በትኩሳት ማለቅ ሲጀምር መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ2005 ነው፤ ሁለቱም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው። እስከዚያ ብዙ ሰው ሞቷል። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ተውሳኩን በደማቸው ይዘው ገብተው የአካባቢው ዝንብ ተቀብላ እንዳሰራጨችው ነው የሚታሰበው። ከዚያ በኋላ በተደረገ ጥናት ለበሽታው ካጋለጡት ነገሮች መካከል ግራር ሥር ውጭ ማደር ተገኝቶበታል፤ ውሻ ያለው ቤተሰብም ይበልጥ ተጋልጧል። ከተጎዱት መካከል ብዙ ልጆች ነበሩ። «ቆላ ወርደህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው ይኸው ነው። ቆላን አይተው የማያውቁ ሕፃናት ታመዋልና።

ወደ ምርመራው እንግባ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ ወይም የከሳ ሰውነት፣ ካላዛር ባለበት ቦታ ማደር፤ እነዚህ ከተገጣጠሙ ሰውየው ተጠርጣሪ ነው። የወባ ምርመራው «አለ» ቢልም ከጥርጣሬው አይወጣም። ወባና ካላዛር አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ ወባው ታክሞ ትኩሳቱ ካልወረደ ሦስተኛ ዙር ኮአርተም ከመጻፍ ጣፊያውን መዳሰስ ይቀድማል።

ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠራው አርኬ39 የሚባለው ፈጣን ምርመራ ነው። ከጣት ደም ወይም ከተጣራ ሴረም በተለካ ጠብታ ይሠራል፣ ማሟሟያው ይጨመርበታል፣ እንደ ኪቱ ዓይነት በ10 ወይም በ20 ደቂቃ ይነበባል። ሁለት መስመር ከወጣ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ሁለተኛው መስመር የደበዘዘ ቢሆንም ተገኝቷል ነው። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ምርመራው ዋጋ የለውም፣ በሌላ ኪት ይደገማል። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚወጣ ጭረት አይቆጠርም፤ ሥራ በዝቶ ኪቱ ጠረጴዛ ላይ ሲረሳ የሚፈጠር ስህተት ነው።

ይህ ምርመራ ሕንድ ውስጥ ከመቶ ሕሙማን 97 ያህሉን ያገኛል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ግን ወደ 85 ዝቅ ይላል፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም በታች ነው። ስለዚህ «የለም» የሚል ውጤት ጣፊያው ላበጠና ለከሳ ሰው መደምደሚያ ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል ምርመራው የሚያየው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ያ ደግሞ በሽታው ከዳነ በኋላ ለወራትና ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ከዚህ በፊት ካላዛር ታክሞ የዳነ ሰው ትኩሳት ይዞት ቢመጣ አርኬ39 ዳግም አገረሸ ወይስ ሌላ በሽታ ነው የሚለውን አይመልስም። ለእሱ ተውሳኩን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

በዓይን ለማየት ናሙና ከጣፊያ፣ ከመቅኔ ወይም ከንፍፊት ይወሰዳል። የጣፊያው ከሁሉም የተሻለ ያሳያል፤ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር መዳሰስ አለበት። ፕላትሌቱ ከ40,000 በታች የሆነ፣ የሚደማ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ደሙ እጅግ የወረደ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው አይወጋም፣ አትወጋም። መርፌው 21 ጌጅ፣ ሲሪንጁ 5 ሚሊ ሊትር ነው። የጣፊያው ዳር በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል፣ ቆዳው ይጸዳል፣ መርፌው ከቆዳው ሥር ገባ ይላል። ሲሪንጁ ወደ 1 ሚሊ ሊትር ተስቦ ሕመምተኛው ትንፋሹን ሲይዝ መርፌው ወደ ጣፊያው ገብቶ ይወጣል። ጠቅላላው ከአንድ ሰኮንድ በታች ነው። ፍጥነቱ ለማስደነቅ የተፈለገ አይደለም፤ መርፌው ውስጥ እያለ ሰውየው ቢተነፍስ ጣፊያው ይንቀሳቀስና በመርፌው ጫፍ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሆኖ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ለሰዓታት ይለካል። ምቱ እየፈጠነ ግፊቱ ከወረደ ውስጥ ለውስጥ እየደማ ነው። ደም መስጠትና ቀዶ ሕክምና በማይቻልበት ቦታ ይህን መሥራት ድፍረት እንጂ ሙያ አይባልም።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ድቡልቡሉ ተውሳክ ሁለት ነገር ማሳየት አለበት፦ ኒውክሊየሱንና ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ዘንግ መሰል ኪኔቶፕላስት። ሁለቱ ካልታዩ የታየው ፕላትሌት ወይም የፈንገስ ሕዋስ ሊሆን ይችላል። የጊምሳ ቀለሙ ማቅጠኛ ውኃ አሲድነት ካለው ሁሉም ነገር ቀላ ብሎ ኪኔቶፕላስቷ ትጠፋለች፤ ስለዚህ ማቅጠኛው ፒኤች 7.2 መሆኑ ይረጋገጥ። ውጤቱ በቁጥር ይጻፋል፦ በ1,000 የእይታ መስክ ከ1 እስከ 10 ተውሳክ ከተገኘ 1+ ነው፣ በአንድ መስክ ከ100 በላይ ከታየ 6+ ነው። «ተገኝቷል» ብሎ ብቻ መጻፍ ጉዳት አለው፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በኋላ የሚነጻጸረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

ሕክምናው ላይ የምሥራቅ አፍሪካ መደበኛው አካሄድ ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት መርፌ ነው፦ ኤስኤስጂ (ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት) 20 ሚሊ ግራም በኪሎ እና ፓሮሞማይሲን 15 ሚሊ ግራም በኪሎ። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ኤስኤስጂው 1,000 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ አንድ ሚሊ ሊትሩ 100 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ በጡንቻ ከሆነ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ መቀመጫዎች ይወጋል። ፓሮሞማይሲኑ 750 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሊትሩ ከሰልፌት ጨዉ ጋር 500 የሚይዝ ከሆነ 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። አምፑሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን መነበብ አለበት፤ አንዳንዱ የሚጽፈው ያለ ሰልፌቱ 375 ብሎ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው 750ን በ375 አካፍሎ ለአንድ ሕመምተኛ ሲሶ ያህል ጨምሮ ይወጋል፣ ትርፉም ጆሮ ላይ ያርፋል። በኤስኤስጂ በኩል ደግሞ ድሮ በቀን ከ850 ሚሊ ግራም አይለፍ የሚል ጣሪያ ነበር። ተነሥቷል፤ አሁን ይህን ጣሪያ የሚጠብቅ ሰው ለግዙፍ ሰው ያነሰ መድኃኒት እየሰጠ ነው።

ኤስኤስጂ የልብ ምት ሊያዛባ፣ ጣፊያ ሳይሆን ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። በሕክምናው መሐል ከእምብርት በላይ የሚቆርጥ ሕመምና የማያቆም ትውከት የመጣበት ሰው «መድኃኒቱ ከበደው» ተብሎ አይታለፍም፤ መርፌው ይቆማል፣ ቆሽቱ ይመረመራል። ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ) ካለ በየሳምንቱ ቢታይ ጥሩ ነው። ዕድሜው የገፋ፣ እጅግ የተጎሳቆለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ኤችአይቪ ያለበት ሰው ከመጀመሪያውም ኤስኤስጂ አይጀመርለትም። አሁን በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በዩጋንዳ በተደረገ ሙከራ በአፍ የሚወሰደው ሚልቴፎሲን ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን ሲሰጥ ከ17 ቀኑ ጋር የሚመጣጠን ውጤት አሳይቷል። ኤስኤስጂን የሚያስቀር ስለሆነ ትልቅ እፎይታ ነው። ሚልቴፎሲን ግን ጽንስ ይጎዳል፤ በሕክምናው ጊዜና ከዚያም በኋላ ለ5 ወር አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ግዴታ ነው። ይህ ለሴት ልጅ በወጉ ሳይነገር ክኒን መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው። ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ያስታውካል፣ ዓይን የሚቀላና የሚያም ከሆነም ወዲያው መታየት አለበት።

ለከባዱ ሕመም ያለው መድኃኒት አምቢሶም፣ ማለትም በስብ ቅንጣት ውስጥ የታሸገ አምፎተሪሲን ቢ ነው፤ አዘገጃጀቱ ላይ ብዙ ስለሚበላሽ ዘርዘር ላድርገው። አንድ ቫያል 50 ሚሊ ግራም ደረቅ መድኃኒት ይይዛል። 12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ይጨመርበትና ቢያንስ ለ30 ሰኮንድ በኃይል ይነቀነቃል፤ ቢጫ፣ እኩል የሆነ ፈሳሽ እስኪሆን። አሁን አንድ ሚሊ ሊትሩ 4 ሚሊ ግራም ነው። በኪቱ ውስጥ ባለው ባለ 5 ማይክሮን ማጣሪያ አልፎ በዴክስትሮዝ 5 በመቶ ይቀጥናል፤ መጨረሻው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.2 እስከ 2 ሚሊ ግራም መሆን አለበት። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 ሚሊ ግራም በኪሎ ቢታዘዝ 250 ሚሊ ግራም፣ 5 ቫያል ነው፤ ጠቅላላውን 250 ሚሊ ሊትር ማድረግ ልኩ ነው። ኖርማል ሳላይን ፈጽሞ አይነካውም፣ ያረጋዋል። ቀድሞ ሳላይን ሲሄድበት የነበረ የደም ሥር መስመር ከሆነም በዴክስትሮዝ ይታጠብ። የስብ ቅንጣቱ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሞቅም፣ ሲቀዘቅዝ በረዶ ሲሆንም ይፈርሳል። ግንቦት ላይ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ አገር ይህ ማለት ቀዝቃዛ ክፍል የሌለው መጋዘን የውድ መድኃኒት ስም ብቻ ያስቀምጣል ማለት ነው። ከጀርባ ሕመምና ከብርድ ሌላ ኩላሊትንና ፖታሲየምን መከታተል አይቀርም።

ካላዛር የያዘው ሰው ሁሉ የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግለት። ወጣት ወንዶች ለወራት ከቤት ርቀው በሚሠሩበት መተማና ሑመራ ሁለቱ ሲገናኙ ኖረዋል፤ ሲገናኙም አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ጎንደርና አብዱራፊ ውስጥ የተሞከረውና ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው አምቢሶም 5 ሚሊ ግራም በኪሎ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ7ኛው፣ በ9ኛውና በ11ኛው ቀን፣ ከሚልቴፎሲን 28 ቀን ጋር ነው። ማለቂያው ላይ ናሙና ተወስዶ ተውሳኩ ካልጠፋ ይደገማል። ሲዲ4 የሚባለው የመከላከያ ሴል ቁጥሩ ከ200 በታች ለሆነ ሰው ደግሞ እንዳያገረሽበት ፔንታሚዲን በወር አንዴ ይሰጠዋል፤ ከዚህ ጎን ለጎን የኤችአይቪ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰዱ ወሳኝ ነው።

ቁንጭር ሌላ አገር ነው። ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር፣ ገደልና ዋሻ ባለበት፣ ሽኮኮ በሚኖርበት። ተውሳኩ የሽኮኮው ነው፤ ዝንቧ ከሽኮኮ ወደ ሽኮኮ ስታዛምተው ትኖርና ዋሻው ወይም ገደሉ አጠገብ ቤት የሠራ ሰው መንገድ ላይ ይገባል። ደቡብ ወሎ ኩታበር፣ ጋሞ ውስጥ ገደል ላይ የተቀመጠችው ኦቾሎ፣ ከትግራይ ሳዕሲዕ ጻዕዳ እምባ የሚታወቁበት ናቸው። በሽታው የሚበዛው ልጆች ላይ ነው፣ ያውም ተገልጦ የሚያድረው ፊት ላይ። በብዙ ቦታ ከሌሊት ወፍ ጋር ያያይዙታል። ዋሻና ምሽት የሚለው የምልከታቸው ክፍል ትክክል ነው፤ ያዩት እንስሳ ግን ሌላ ነው።

የተለመደው ቁንጭር ትንሽ እብጠት ሆኖ ይጀምርና ይሰፋል፣ ይቀርፋል፣ አያምም። በራሱ ሊድን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈጃል፣ ጠባሳውም ይቀራል። አንዳንዱ ወደ አፍንጫና ከንፈር ገብቶ ሥጋውን ይበላል። አንዳንዱ ደግሞ ሰውነት ሁሉ ላይ የማይቆስል እብጠት ሆኖ ይሰራጫል፣ በዚህ ጊዜ ሥጋ ደዌ ይመስላል። መለያው ቀላል ነው፦ እብጠቱን በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጉ። በሥጋ ደዌ ስሜት ይጠፋል፣ ነርቭም ያብጣል፤ በቁንጭር ስሜቱ እንዳለ ነው። ይህን ሳይለዩ ለዓመት የሥጋ ደዌ መድኃኒት ማስዋጥ ሰውን በነጻ መቅጣት ነው። በጋለ ብረት መተኮስም ያው ነው፤ ከቁንጭሩ ጠባሳ የከፋ ጠባሳ ይተዋል።

ናሙናው ሲወሰድ ከቁስሉ መሐል የሚያነሳ ሰው ምንም አያገኝም፤ መሐሉ የሞተ ሥጋ ነው። ተውሳኩ ያለው ከፍ ያለው ጠርዝ ላይ ነው። ቅርፊቱ ይነሣ፣ ጠርዙ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ደሙ እስኪሸሽ ይያዝ፣ በምላጭ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰንጠቅ፣ የስንጥቁ ግድግዳ ተፍቆ የወጣው ስላይድ ላይ ይቀባ። ደም ከበዛበት ተውሳኩን ስለሚያቀጥነው እንደገና ይሠራ። አንድ ሁለት ትንሽ ቁስል ከሆነ ኤስኤስጂ ራሱ ቁስሉ ዙሪያ ይወጋል፤ ቆዳው ነጣ እስኪል፣ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ በየ3 እስከ 7 ቀኑ። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ካለ ይታገዛል። ኢትዮፒካ ለኤስኤስጂ ቶሎ የሚበገር ተውሳክ አይደለም፤ አፍንጫና ከንፈር የነካ ወይም የተሰራጨ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ተልኮ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ መድኃኒት መጀመር አለበት። ቦሩ ሜዳና አለርት ሆስፒታሎች በዚህ የቆየ ልምድ አላቸው።

ባንግላዴሽ ካላዛርን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን ማውጣቷ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ተረጋግጦላታል። ይህን ሰምቶ «እኛስ?» ማለት ተገቢ ነው፤ መንገዱን እንዳለ መቅዳት ግን አይሆንም። እዚያ ዝንቧ የምትኖረው ከብት በሚያድርበት የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሆነ ግድግዳ መርጨት ይጎዳታል፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ አምቢሶም 10 ሚሊ ግራም በኪሎም አብዛኛውን ሰው ያድናል። ያው አንድ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ሱዳንና ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሞከር የተጠበቀውን ያህል ሰው ስላልዳነ ሙከራው ተቋርጧል። መተማ ማሳ ላይ ደግሞ የሚረጭ ግድግዳ የለም። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይረዳል፤ አሠራሩ ግን አጎበርን ለቤተሰብ በቀበሌው ስለሚያድል ሠራተኛው የእሱ ድርሻ ጎጃም ቤቱ ተሰቅሎ እሱ መተማ ግራር ሥር ይተኛል። ለእሱ የሚሆነው ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ በአራት እንጨት ውጭ የሚተከልና በቦርሳ የሚታጠፍ አጎበር፣ ወደ ማሳው በሚወርድበት መነኸሪያ ሲታደል ነው። የእርሻው ባለቤትም ማደሪያውን ከግራሩና ከተሰነጠቀው ዋልካ ራቅ ቢያደርግ ወጪው ከአንድ ሠራተኛ ሕክምና ያነሰ ነው።

የ17 ቀኑ መርፌ ሲያልቅ ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ የምግብ ፍላጎት መጥቶለት ሰውየው ይሰናበታል። ጣፊያው ገና ነው፤ ለመመለስ ወራት ይፈጃል። ድኗል የሚባለው 6 ወር ሳያገረሽበት ሲቆይ ነው። በእነዚያ ወራት ከአፉ ዙሪያ ጀምሮ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወይም ትናንሽ እብጠት ቢወጣበት አዲስ በሽታ አይደለም፣ ወደ ጠበል ብቻም አይላክ፤ ካላዛር ከዳነ በኋላ ቆዳ ላይ የሚቀረው ተውሳክ ነው። ብዙው በራሱ ይጠፋል፣ እስኪጠፋ ግን የአሸዋ ዝንብ ከእሱ ልትወስድ ስለምትችል ውጭ አለማደሩ ለሌላውም ይጠቅማል። ተውሳኩ ከዳነ ሰውም ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ቴል አቪቭ፣ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆኖ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ቢደረግለት፣ የካንሰር መድኃኒት ወይም ለወራት ስቴሮይድ ቢወስድ ሊነሣ ይችላል፤ የዚያ አገር ሐኪም ደግሞ ካላዛርን ላያስብ ይችላል። ስለዚህ የመሰናበቻ ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ በኪሎ ስንት ሚሊ ግራም ለስንት ቀን እንደተሰጠ፣ ክብደቱ ሲገባና ሲወጣ፣ የጣፊያው መጠን በሴንቲ ሜትር፣ የናሙናው ቁጥር፣ የኤችአይቪ ውጤቱና ያደረበት ማሳ ወረዳ በግልጽ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በሕመምተኛው እጅ ይሁን።